ስለ እጅ ጥበብ ትምህርት፤ ልኩ ከእንጨቱ ይቅደም

ኖኅ መርከብ ይሠራ ዘንድ በታዘዘ ጊዜ ከእንጨቱ ዓይነት ጋር ልኩም ጭምር ተነገረው፤ ርዝመቱ 300 ክንድ፥ ወርዱ 50 ክንድ፥ ቁመቱም 30 ክንድ ይሁን ተባለ። መጥረቢያው ግንዱን ከመንካቱ አስቀድሞ መርከቡ በልክና በአሳብ ተሠርቶ ነበር ማለት ነው። ደግሞም በኦሪት ዘፀአት በ31ኛው ምዕራፍ ስለ ባስልኤል እንደምናነበው፥ የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ይህ ሰው የተጠራው ወርቅና ብር ናስም ይሠራ፥ ዕንቍ ይቀርጽ፥ እንጨትም ይጠርብ ዘንድ ነው። ማሰብና መሥራት በአንድ ሰው ውስጥ አብረው የሚኖሩ ስጦታዎች መሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምስክር አንሻም።

ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ከዚሁ የሚነሣ ነው። ዕድሜያቸው 13ና 14 ዓመት ያህል ለሆነ፥ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ለሚማሩ ልጆች ንድፍንና የሥራ ጥበብን ማስተማር ምን ይጠቅማል? በቢሮና በመጽሐፍ ለሚኖር ቤተ ሰብ ልጅስ መጋዝና መዶሻ ምኑ ነው? ይህን ጥያቄ ብዙ የተከበሩ አባቶችና እናቶች በልባቸው ይጠይቁታልና፥ እኛም በተቻለን መጠን መልሱን ለመግለጽ እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ትምህርቱ ምን እንደ ሆነ እንናገር። በውጭ አገር «ዲዛይንና ቴክኖሎጂ» የሚባለው ይህ ትምህርት አራት እርምጃዎች አሉት። ተማሪው አስቀድሞ በቤቱ ወይም በሰፈሩ ያለውን ችግር አይቶ፥ ችግሩ የደረሰበትን ሰው ጠይቆ ይረዳል። ቀጥሎ ችግሩን ያቃልላል ብሎ ያሰበውን ነገር በወረቀት ላይ ይነድፋል፤ ልኩንም ይጽፋል። በሦስተኛው በንድፉ መሠረት ዕቃውን በገዛ እጁ ይሠራል። በመጨረሻም ዕቃውን ፈትኖ፥ የጐደለውን መርምሮ ያሻሽላል። አራተኛው እርምጃ ተመልሶ ወደ ሁለተኛው ስለሚያደርስ፥ ሥራው እንደ ጥሩ ንባብ እየተደጋገመ ይጠራል እንጂ ባንድ ጊዜ አያልቅም።

ይህ ሥርዓት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የብራና መጽሐፍ የሚጽፈውን ቁም ጸሐፊ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጸሐፊው ቆዳውን በውሃ ዘፍዝፎ፥ በእንጨት ማዕቀፍ ወጥሮ፥ ፍቆና አለስልሶ ካደረቀው በኋላ በልክ ይቈርጠዋል። ከዚያም በወስፌ ነጥብ እየወጋ መስመሩን ያሰምራል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት አዘጋጅቶ፥ ብዕሩን ከመቃ ቀርጾ፥ ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው የመጀመሪያዪቱን ፊደል የሚጽፈው። መስመር ከፊደል ይቀድማል። የላሊበላንም 11 አብያተ ክርስቲያናት ብንመለከት፥ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው። ግንብ የሚገነባ ሰው የተበላሸውን ድንጋይ አውጥቶ ሌላ ይተካል፤ አለት የሚፈለፍል ግን አንዴ የቈረጠውን ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ እነዚያ ጠቢባን ጣራውን ሲጀምሩ ደጃፉን፥ መስኮቱንና ዓምዱን በአሳባቸው ጨርሰው እንደ ነበር ግልጽ ነው።

እንግዲህ ጥበቡ በአገራችን ከነበረ፥ ስለምን ወደ ልጆቻችን በሰፊው አልተላለፈም ብንል መልሱ የሚያሳዝን ነው። በእጁ የሚሠራውን ሰው ንቀነዋልና። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸክላ የምትሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን፥ ሸማ የሚሠራውን ስም እያወጣን ሰደብን፤ ቡዳ ነው ብለንም አብረነው ከመብላት ራቅን። ማረሻውን ግን ከእርሱ ገዛን፥ በድስቷም በላን፥ በሸማውም አጌጥን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህ ነገር አገርን እንደሚጎዳ አይተው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ፤ በሚተላለፈውም ላይ ቅጣት ወሰኑ። ከእርሳቸውም በፊት አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የውጭ አገር ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ አሠርተዋል፤ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስወስዱ መንገዱን ከሠራተኞቹ ጋር በገዛ እጃቸው ጭምር ጠርገዋል። ንጉሥ ድንጋይ ካነሣ፥ የሹም ልጅ መሮ ቢይዝ ክብሩ አይቀንስም።

የአዋጁ ዘመን ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ በአደባባይ ቢቀንስም፥ ንቀቱ መልኩን ለውጦ በቤታችን ተቀምጧል። ልጁ በፈተና ሲደክም «ሰነፍ ስለ ሆንህ ወደ እጅ ሥራ ትሄዳለህ» ብሎ የሚያስፈራራ አባት አለ። ይህ አነጋገር አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ሰው ይጎዳል፤ ሙያተኛውን የሰነፍ መጣያ ያደርገዋል፤ በትምህርቱ የበረታውንም ልጅ እጁን እንዲያፍርበት ያስተምረዋል።

በሌላው ዓለም ያለውን ስንመለከት፥ የእጅ ሥራን ለሁሉም ልጅ ትምህርት ይሆን ዘንድ ካስገቡት ሰዎች አንዱ ፊንላንዳዊው ቄስ ኡኖ ሲግኔዩስ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም. የፊንላንድ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት ሲቆም የእጅ ሥራ ከማንበብና ከመጻፍ ጋር እንዲሰጥ ያደረገው እርሱ ነበር። ከእርሱም ቀጥሎ ስዊድናዊው ኦቶ ሳሎሞን ኔስ በምትባል ስፍራ የመምህራን ትምህርት ቤት አቋቁሞ፥ ከብዙ አገር የመጡ መምህራንን «ስሎይድ» የሚባለውን ዘዴ አስተማረ። የሳሎሞን መመሪያ እንዲህ የሚል ነበር። ሥራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ፥ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው ይሂድ፤ ልጁ የሚሠራው ዕቃ በቤት የሚጠቅም ይሁን፤ ሥራውንም ራሱ ይፈጽመው፤ መምህሩ ያሳየው እንጂ አይሥራለት። መጀመሪያ የሚሰጠውም መሣሪያ ቢላዋ ነበር። የትምህርቱ ዓላማ አናጢ ማብዛት አልነበረም፤ ዓይኑ ልክን የሚያውቅ፥ እጁ አሳቡን የሚታዘዝለት፥ የጀመረውን የሚጨርስ ሰው ማውጣት ነበር። በሁለቱም አገሮች የእጅ ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ ልጆች ሁሉ የሚማሩት ትምህርት ነው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ቀድሞ ወንዶች ልጆች እንጨትና ብረት፥ ሴቶች ልጆች ምግብና ስፌት ለየብቻቸው ይማሩ ነበር። በፈረንጆች 1988 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ሕግ መሠረት ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት ሲደነገግ፥ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ሁሉ ተዋሕዶ ዲዛይንና ቴክኖሎጂ በሚል ስም ለወንድም ለሴትም የሚሰጥ ትምህርት ሆነ። ሆኖም በዚያም አገር መንገዱ ቀና ብቻ አልነበረም። ዛሬ ትምህርቱ ግዴታ የሆነው እስከ 14 ዓመት ዕድሜ ነው፤ ከዚያ በኋላ መርጠው የሚፈተኑበት ተማሪዎች ቍጥር እጅግ ቀንሷል፤ የመምህራን እጥረትና የመሣሪያው ውድነትም ችግር ሆኗል። በሀብታም አገር ይህ ከደረሰ፥ እኛም ጀምረን እንዳንተወው መጠንቀቅ ይገባናል።

በአገራችን በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ብዙ ባለሙያዎችን አፍርቷል። ስሙም የግዕዝ ሆኖ ትርጓሜው የእጅ ሥራ ማለት ስለ ሆነ፥ ሥራን በክብር ስም መጥራት እንደሚቻል ያስተምራል። በኋላም ከቀለም ትምህርት ጋር የእንጨትና የብረት ሥራ፥ የቤት አያያዝ፥ እርሻና ንግድ የሚያስተምሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተስፋፍተው ነበር። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 7ኛንና 8ኛን ክፍል መካከለኛ ደረጃ ብሎ ለይቷቸዋል፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም በእነዚህ ክፍሎች የሙያና የቴክኒክ ትምህርት ገብቷል። ስለዚህ ነገሩ ከምኞት አልፎ ወደ ልጆቻችን ደብተር ደርሷል። የሚቀረው እኛ ወላጆች እንዴት እንደምንቀበለው ነው።

ትምህርቱ በክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል በሁለት ምሳሌ እንግለጽ። አንደኛው በርጩማ ነው። መምህሩ ባለ ሦስት እግርና ባለ አራት እግር በርጩማ በጐረበጠ መሬት ላይ ያስቀምጥና የትኛው እንደሚነቃነቅ ያስመለክታቸዋል። ባለ አራት እግሩ ይንገዳገዳል፤ ባለ ሦስት እግሩ ግን ይረጋል። ምክንያቱም በአንድ መስመር ላይ ያልዋሉ ሦስት ነጥቦች ምን ጊዜም አንድ ዝርግ ገጽ ስለሚሠሩ፥ ሦስቱም እግሮች መሬቱን ያገኙታል። የሒሳብ መምህሩ በሰሌዳ ላይ ብዙ የደከመበትን ነገር ልጁ ተቀምጦበት ይረዳዋል። ቀጥሎ መምህሩ በሁለት እግሮች መካከል ወዳለው ጠርዝ አጋድለው እንዲቀመጡ ሲያዛቸው፥ ባለ ሦስት እግሩ ቶሎ ይገለበጣል። እንግዲያስ አያቶቻችን ለጐረበጠ ወለል ሦስቱን እግር መረጡ፤ ለስላሳ ወለል ላለው ቤት ደግሞ አራቱ ይሻላል። ልጁም ለሁሉ ስፍራ የሚሆን አንድ ዕቃ እንደሌለ፥ መምረጥ ማለት አንዱን አግኝቶ ሌላውን መተው እንደ ሆነ ይማራል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከማድ ቤት የተገኘ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ የምትጋግር ሴት ጭሱ ዓይኗን ያቃጥለዋል፤ ከእሳቱም ሙቀት ብዙው ወደ ጐን ይባክናል። ይህን ችግር ለማቃለል በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን «ምርጥ ምድጃ» የተባለው ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ተፈልስፏል፤ በጉልቻ ከሚነደው እንጨት እስከ ግማሽ ያህል እንደሚቆጥብም በፈተና ታይቷል። ተማሪዎች ይህን ራሳቸው ሊመረምሩት ይችላሉ። መምህራቸው ባለበት፥ በሜዳ ላይ፥ እኩል ደረቅ እንጨት መዝነው ሁለት ሊትር ውሃ በሁለት እኩል ድስት ያፈላሉ፤ አንዱን በጉልቻ፥ ሁለተኛውን ዙሪያውን በጭቃ ከልለው በሠሩት ምድጃ። የፈላበትን ደቂቃና የተረፈውን እንጨት ይጽፋሉ። ቀጥሎ የምድጃውን አፍ ያጠቡታል ወይም ያሰፉታል፤ እንደ ገና ይፈትናሉ። ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ አለበት፤ ሁለት ነገር ከለወጡ ግን የትኛው እንደ ጠቀመ አያውቁም። ከዚህ ትምህርት በኋላ ወንዱ ልጅ ወደ ማድ ቤት ገብቶ እናቱን ወይም ሠራተኛዪቱን «ጭሱ በየት በኩል ይበዛብሻል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጥያቄ ብቻውን ለአንድ ዓመት ትምህርት የሚበቃ ፍሬ ነው ብንል አላጋነንም።

ብዙ ሰዎች ዎርክሾፕ ሳይኖር፥ በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ታጭቆ እንዴት ይሆናል ይላሉ። ችግሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን መጀመር አያስከለክልም። በሰፈራችን ያሉ ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው ከሽቦ፥ ከቆርኪና ከቆርቆሮ መኪና ይሠሩ የለምን? ካርቶን፥ ሸክላ አፈር፥ ቀርከሃና ሽቦ ዋጋቸው ትንሽ ነው። አንድ ሜትር፥ አንድ ስኳድራ፥ አንድ ውሃ ልክና ጥቂት መጋዞች ካሉ ልጆቹ በቡድን ተከፍለው ሲነድፉ፥ ሲቈርጡና ሲፈትኑ ሊፈራረቁ ይችላሉ። ስለታም መሣሪያ የሚሰጠው ግን አያያዙን ላወቀ ብቻ ይሁን፤ ቈጥሮ ማውጣትና ቈጥሮ መመለስም የትምህርቱ ክፍል ይሁን።

አሁን ስለ ታላላቅ ቤቶች በተለይ የምንናገረው አለ። የሹም ወይም የባለጸጋ ልጅ በቤቱ የሚያጨበጭብለት ሰው አያጣም። የጻፈው ግጥም ይመሰገናል፤ ቢሳሳት አገልጋዩ ይሸፍንለታል፤ መምህሩም አባቱን አስቦ አንደበቱን ያለዝባል። እንጨት ግን የማን ልጅ እንደ ሆነ አይጠይቅም። ሁለቱ ሳንቃዎች በልክ ካልተቈረጡ አይገጥሙም፤ ክዳኑ ከተጣመመ ሣጥኑ አይዘጋም። እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ የምንኖር ሰዎች የማያደላ ዳኛ ምን ያህል ክቡር እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ስኳድራና ውሃ ልክ ጉቦ የማይቀበሉ፥ ፊት የማያዩ ዳኞች ናቸው። ልጅ በ13 ዓመቱ በእነዚህ ዳኞች ፊት ቆሞ «ስሕተቱ የእኔ ነው፤ እንደ ገና ልሥራው» ማለትን ከለመደ፥ በ40 ዓመቱ በሹመት ወንበር ሲቀመጥ የእውነትን ቃል ለመስማት አይከብደውም።

ሌላም ጥቅም አለው። በየጊዜው ወደ ችሎት ከሚቀርቡት ክርክሮች አንዳንዶቹ የቤት ሥራ ውል ናቸው። በውሉ ላይ «ጥሩ ቤት ይሠራል» ተብሎ ተጽፏል፤ የግድግዳው ቁመት፥ የመሠረቱ ጥልቀት፥ የጣራው ተዳፋት አልተጻፈም። ባለቤቱ «ያሰብሁት ይህን አልነበረም» ይላል፤ ሠራተኛውም «ያዘዝኸኝን ሠራሁ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ በመካከላቸው ንድፍ አልነበረምና። ንድፍ ማለት በአንድ ሰው ልብ ያለውን አሳብ ሌላው እንዲያየው ማድረግ ነው። ድልድይና ሆስፒታል የሚያሠራ ሹም ንድፍ ማንበብን በልጅነቱ ካልተማረ፥ ሌላው ያሳየውን ከመቀበል በቀር ምን ያደርጋል?

ይህን ትምህርት የሚገድል አንድ ክፉ ልማድ ስላለ ግን ሳንጠቅሰው አናልፍም። ልጁ «ዕቃ ሠርተህ አምጣ» ተብሎ ሲታዘዝ፥ አባት ከአናጢ ዘንድ ሄዶ ያማረ የቤት ምሳሌ አሠርቶ፥ ገንዘብ ከፍሎ ያስይዘዋል። መምህሩም ውበቱን አይቶ ሙሉ ማርክ ይሰጣል። ጎረቤቱ የድኻ ልጅ ግን በገዛ እጁ የሠራውን ጐባጣ ሣጥን ይዞ ቀርቦ ያፍራል። በዚያች ቀን ሁለቱም ልጆች ይማራሉ፤ አንዱ ሥራ በገንዘብ እንደሚገዛ፥ ሌላው ድካሙ ከንቱ እንደ ሆነ። ስለዚህ መምህራን ማርክ ሲሰጡ የተማሪውን ንድፍ፥ ልኩን፥ የፈተናውን ውጤትና ያረመውን ስሕተት የያዘውን ደብተር አብረው ቢመለከቱ መልካም ነው። ዕቃው ይገዛል፤ የስሕተቱ ታሪክ ግን አይገዛም።

ወላጆችስ ምን እናድርግ? በቤታችን አንድ ጥግ ለልጁ እንስጠው፤ አሮጌ ሳንቃ፥ ሽቦና ካርቶን የሚቀመጥበት ይሁን። የተሰበረ ወንበር ወይም የላላ የሣጥን ማጠፊያ ሲኖር ወዲያው ሠራተኛ ከመጥራት በፊት «ስለምን የተሰበረ ይመስልሃል?» ብለን እንጠይቀው። ኤሌክትሪክ ያለበትን ነገር ግን ለባለሙያ እንተወው። ለሴቶች ልጆቻችን መጋዙን፥ ለወንዶች ልጆቻችንም መርፌውን አንከልክል፤ ልክ ወንድና ሴት የለውም። አናጢው ወይም ግንበኛው ወደ ቤት ሲመጣ ልጁ አጠገቡ ቆሞ ይመልከት፤ «ጋሼ» ብሎ አክብሮ ይጠይቀው፤ ቡናም ሲቀርብ ሠራተኛው ከእኛ ጋር ይቅረብ። ልጅ ስለ ሥራ ክብር ከመጽሐፍ ከሚማረው ይልቅ፥ አባቱ ለሠራተኛው ወንበር ሲስብለት የሚያየው ይበልጥበታል።

አበው «ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው» ይላሉ። ልጁ የሚሠራው የመጀመሪያው ሣጥን ምናልባት ይጣመም ይሆናል፤ ክዳኑም አይገጥም ይሆናል። እንዲህም ቢሆን ከአናጢ የተገዛውን አንሥተን ይህን በእንግዳ መቀበያችን እናስቀምጠው። እንግዳም «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፥ የሠራው ልጅ ራሱ ቀርቦ የት ላይ እንደ ሳተና በሚቀጥለው ምን እንደሚያርም ያስረዳ። ይህን በግልጽ መናገር የሚችል ልጅ በየቤታችን እንዲበዛ እግዚአብሔር ይርዳን።